ጥፋቱ የዕቃው ነው ወይስ የበሩ?

በቴፒ ከተማ አዲስ ስልክ ወይም አዲስ ቴሌቪዥን ገዝቶ ወደ ቤቱ የገባ ሰው፣ ዕቃው ከቤቱ ዋይፋይ ጋር አልገናኝ ሲለው ሦስት ነገር ያደርጋል። መጀመሪያ ዕቃውን አጥፍቶ ያበራል፤ ቀጥሎ ሻጩን ይረግማል፤ በመጨረሻ «የሚያውቅ ልጅ ጥሩልኝ» ይላል። ያ የሚያውቅ ልጅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከእኛ ከተማሪዎቹ አንዱ ነው። እንግዲህ ነገሩ የእኛም ነገር ስለሆነ፣ በዚህች መጽሔት ላይ አንሥተን ሐሳባችንን ልንሰጥበት ወደድን።

አንዳንድ አንባብያን «የኑሮ ውድነቱ፣ የሥራ አጥነቱ፣ የካፌው ምግብ ነገር እያለ ስለ ዋይፋይ መጻፍ ምን የሚሉት ነው?» ይሉን ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። ዛሬ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የፈተናውን ውጤት የሚያየው በኢንተርኔት ነው። ነጋዴው ገንዘብ የሚልከውና የሚቀበለው፣ የቡና ዋጋ የሚጠያየቀው በስልክ ነው። ልጁ ውጭ አገር ያለ ወላጅም የልጁን ፊት የሚያየው በዚያችው ስልክ ነው። ለቤቱ መስመር በየወሩ ይከፈላል፤ አዲሱ ስልክ ግን ወደ መስመሩ መግባት ስላልቻለ በየቀኑ የሞባይል ዳታ ጥቅል ይገዛለታል። አንድ ቤት ለአንድ ነገር ሁለት ጊዜ ይከፍላል ማለት ነው። ቡና በዓመት አንድ ጊዜ በሚለቀምበት አገር፣ ከቡናው ሽያጭ በተገዛ ዕቃ ላይ «ተበላሽቷል» ብሎ መፍረድ ቀላል ነገር አይደለም።

ሐሳባችንን ከመጀመሪያው ግልጽ እናድርገው። አዲስ ዕቃ ወደ ቤት ዋይፋይ አልገባም ሲል ብዙውን ጊዜ የተሰበረ ነገር የለም፤ የጎደለው በዕቃውና በራውተሩ መካከል ያለው ስምምነት ነው። ይህ ስምምነት የት ላይ እንደ ጎደለ በተራ በተራ እየጠየቁ ማግኘት ይቻላል። ይህን አጠያየቅ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ለቤቱ ባለቤት ማስተማር አለበት እንጂ እንደ ምትሃት ይዞት ሊዞር አይገባውም።

ዋይፋይ የምንለው ነገር ሬድዮ ነው። ራውተሩ ይናገራል፣ ስልኩ ያዳምጣል፤ ስልኩ ይመልሳል፣ ራውተሩ ያዳምጣል። ሁለቱ የሚነጋገሩበት የመጀመሪያው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በየጥቂቱ ዓመት እየተሻሻለ መጥቷል። የመቆለፊያው ደንብም እንደዚሁ ነው። በመጀመሪያው ደንብ የነበረው ቁልፍ ደካማ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ደብልዩ ፒ ኤ የሚባለው፣ በ2004 ደብልዩ ፒ ኤ 2፣ በ2018 ደግሞ ደብልዩ ፒ ኤ 3 ተተካ። ስልክ በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ ይለወጣል፤ ራውተር ግን አንድ ጊዜ ከግድግዳው ላይ ከተሰቀለ አቧራ እስኪለብስ ድረስ የሚነካው የለም። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ የተለያየ ዘመን ደንብ የሚያውቁ ዕቃዎች ይገናኛሉ። አንዳንድ ጊዜ አይግባቡም፤ ይህም የሚያስገርም አይደለም።

ወደ ቤት ለመግባት አንድ ዕቃ አራት በሮች ማለፍ አለበት። የትኛው በር ላይ እንደ ቆመ ሳይታወቅ መድኃኒት መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

የመጀመሪያው በር ማየት ነው። ስልኩ የጎረቤቱን ዋይፋይ ስም እያሳየ የራስን ቤት ስም ካላሳየ፣ ፓስወርዱን መቶ ጊዜ መጻፍ ጥቅም የለውም፤ ገና በሩን አላየውምና። ዛሬ የቤት ራውተር በሁለት የሬድዮ መንገድ ይናገራል፤ አንዱ 2.4 ጊጋሄርትዝ፣ ሌላው 5 ጊጋሄርትዝ ነው። ርካሽ ስልኮች፣ የጥበቃ ካሜራዎችና ብዙዎቹ የቤት መሣሪያዎች የሚሰሙት 2.4ን ብቻ ነው። አንድ ሰው «ፈጣኑ ይሻላል» ብሎ ራውተሩን በ5 ብቻ እንዲናገር ካደረገው፣ እነዚህ ዕቃዎች ለዘለዓለም ቢጠብቁ አይሰሙትም። ደግሞም 5 ጊጋሄርትዝ ፈጣን ይሁን እንጂ ግድግዳ ማለፍ ይከብደዋል። ቆርቆሮ ደግሞ ሁለቱንም ይመልሳል፤ እርጥብ ቅጠል ይውጣቸዋል። በእኛ አገር፣ ራውተሩ ሳሎን ሆኖ ተማሪው የሚያጠናው ከጓሮ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው፤ መካከሉን የቡናና የሙዝ ተክል ይሞላዋል። በዚያ ላይ የክረምቱ ዝናብ ሲጨመርበት ስሙ አንዴ ይታያል አንዴ ይጠፋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሙከራ ዕቃውን ይዞ ራውተሩ አጠገብ መቆም ነው። ነፃ ነው፣ ግማሽ ደቂቃም አይፈጅም።

በዚሁ በር ላይ ሌላ የተሰወረ ነገር አለ። 2.4 ጊጋሄርትዝ የሚባለው መንገድ 1፣ 2፣ 3 እየተባለ በቁጥር የተከፋፈለ ነው። በአብዛኛው ዓለም እስከ 13 ይሠራበታል፤ በአሜሪካ የተለመደው ግን እስከ 11 ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ አንዳንድ ዕቃ 12ንና 13ን ጨርሶ አይሰማም። በከተማችን አንዲት እናት ልጃቸው ከአሜሪካ የላከችላቸው ስልክ የቤቱን ዋይፋይ አላይ ብሎ ጥገና ቤት ቢወስዱት «የዋይፋዩ ክፍል ተቃጥሏል» ተባሉ፤ ለመለዋወጫው የተጠየቁትም ገንዘብ ቀላል አልነበረም። ከእኛ መካከል አንዱ ስልኩን ከራሱ ስልክ ሆትስፖት ጋር ሲሞክረው ወዲያው ገባ። ተቃጠለ የተባለው ክፍል ደኅና ነበር። ራውተሩ ራሱ መርጦ 13ኛው ቁጥር ላይ ተቀምጦ ኖሯል፤ ወደ 6 ሲዞር ስልኩ የቤቱን ስም አየ። አዲስ ቦርድ ሊገዛለት የነበረው ስልክ በአንዲት ቁጥር ዳነ።

ሁለተኛው በር ቁልፉ ነው። ስሙ ይታያል፣ ፓስወርዱ ግን «ትክክል አይደለም» ይባላል። እዚህ ላይ ትሕትና ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ስሕተቱ ከጣት ነው። ከራውተሩ ሥር የተለጠፈችው ወረቀት ላይ ዜሮና የእንግሊዝኛው «ኦ»፣ አንድና ትንሹ «ኤል» አይለዩም። ትልቁና ትንሹ ፊደልም ለራውተሩ የተለያየ ነገር ነው። በአማርኛ መጻፊያ ላይ ሆኖ የእንግሊዝኛ ፓስወርድ የሚመታም አለ፤ ፊደሉ በነጥብ ስለሚሸፈን ምን እንደ ጻፈ አያየውም። «ፓስወርዱን አሳይ» የምትለውን ምልክት ነክቶ ፊደሉን በዓይን ማየት ብዙ ክርክር ያስቀራል።

ፓስወርዱ በርግጥ ትክክል ሆኖ ዕቃው እምቢ ካለ ግን ጠቡ የደንብ ነው። ራውተሩ ደብልዩ ፒ ኤ 3ን ብቻ እንዲቀበል ከተደረገ ቆየት ያለ ላፕቶፕ ወይም ቴሌቪዥን አይገባም። ራውተሩ ያረጀውን ቁልፍ ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ አዲሱ ስልክ «ይህ ቁልፍ አያስተማምንም» ብሎ ይሸሻል። መፍትሔው በራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ላይ ደብልዩ ፒ ኤ 2ንና 3ን በአንድነት የሚቀበለውን መምረጥ ነው፤ በዚያም የሚደናገር ዕቃ ካለ ደብልዩ ፒ ኤ 2ን ብቻ መተው ነው። አንዳንዶች ከዚህ ሁሉ ለመገላገል ሲሉ ቁልፉን ጨርሰው አንሥተው ዋይፋዩን ለመንገደኛው ሁሉ ክፍት ያደርጉታል። ይህን አጥብቀን እንቃወማለን። የቤቱ ባለቤት ሳያውቅ የቤቱን በር ነቅሎ መሄድ ነውና።

ሦስተኛው በር ቁጥር ማግኘት ነው። ራውተሩ ለገባው ዕቃ ሁሉ የቤት ቁጥር ያድላል፤ ቁጥር ያላገኘ ዕቃ «አድራሻ በማግኘት ላይ» እያለ ሲዞር ይኖራል። አንዳንድ ራውተር፣ በተለይም ሲም ካርድ የሚገባበት ትንሹ ዓይነት፣ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው የዕቃ ብዛት የተወሰነ ነው። የቤተሰቡ፣ የዘመድ፣ የተከራይና የእንግዳ ስልክ ቦታውን ከሞላው አዲሱ ዕቃ ደጅ ይቀራል። ሁለት ስልኮችን ከዋይፋዩ ማውጣትና እንደገና መሞከር ይህን ወዲያው ያሳያል።

እዚሁ ላይ የብዙ ቤት እንቆቅልሽ የሆነ ነገር አለ። የጎረቤት ልጅ ዋይፋይ እንዳይጠቀም ሲባል ራውተሩ የተመዘገቡትን ዕቃዎች ብቻ እንዲያስገባ ይደረጋል። ምዝገባው የሚደረገው ዕቃው ከፋብሪካ ይዞት በሚወጣው «ማክ አድራሻ» በሚባል መለያ ነው። ዳሩ ግን እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው አንድሮይድ 10 እና በ2020 ከወጣው የአይፎን 14ኛ ሥርዓት ወዲህ፣ ስልኮች የባለቤታቸውን ዱካ ለመሰወር ሲሉ ለየዋይፋዩ የተለያየ ተለዋጭ መለያ ማሳየት ጀምረዋል። የቤቱ አባት የስልኩን እውነተኛ መለያ በጥንቃቄ ይመዘግባሉ፤ ስልኩ በሌላ ስም ይቀርባል፤ ራውተሩም «አላውቅህም» ይላል። ሁለቱም ሥራቸውን በትክክል እየሠሩ ነው። ስልኩ ለዚያ ቤት ብቻ እውነተኛ መለያውን እንዲያሳይ ማድረግ ይቻላል፤ ወይም ተለዋጩን መለያ መመዝገብ ይበቃል።

አራተኛው በር ወደ ውጭ መውጣት ነው። ዕቃው ገብቷል፣ ቁጥር አግኝቷል፣ «ኢንተርኔት የለም» ይላል። የቤቱ ሌሎች ዕቃዎችም ካልሠሩ አዲሱን ዕቃ መውቀስ ግፍ ነው፤ ጥቅሉ አልቋል፣ ወይም መስመሩ ተቋርጧል፣ ወይም መብራት ሄዶ ስለ መጣ ራውተሩ ገና እየተነሣ ነው። ሌሎቹ እየሠሩ እሱ ብቻ ከቀረ ግን ቀኑን ተመልከቱ። የእኛ አገር ሰው ዓመተ ምሕረቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በእጁ ሲያስገባ፣ ዕቃው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ይቆማል። የኢንተርኔት ገጾች ደግሞ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን ያለው የመታወቂያ ወረቀት አላቸው። ከዓመታት በፊት ለቆመ ዕቃ ወረቀቱ ሁሉ ገና ያልተጻፈ ስለሚመስለው አንዱንም ገጽ አያምንም። የዘመን መቁጠሪያችን ስሕተት የለበትም፤ ዕቃው ግን የተሠራው በሌላ አቆጣጠር ስለሆነ በዚያው ልንነግረው ይገባል።

ይህን ሁሉ ማስታወስ የከበደው ሰው ሁለት ጥያቄ ብቻ ይያዝ። አንደኛ፦ ሌሎቹ ዕቃዎች በዚህ ቤት ዋይፋይ ይሠራሉ ወይ? ሁለተኛ፦ ይህ ዕቃ በሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ በጓደኛ ስልክ ሆትስፖት፣ ይገባል ወይ? ሌሎቹ ካልሠሩ ነገሩ የራውተሩ ወይም የመስመሩ ነው። አዲሱ ዕቃ ሌላ ቦታ ከገባ ዕቃው ጤነኛ ነው፤ የጎደለው ስምምነት ነው። በየትም ቦታ ካልገባ ግን በርግጥ ሊበላሽ ይችላልና ወደ ሻጩ ይመለስ። ያን ጊዜ ገዢው በሱቁ ባንኮኒ ላይ በሻጩ በራሱ ስልክ ሞክሮ ማሳየት ይችላል፤ ማስረጃ ያለው ሰው መጮህ አያስፈልገውም። እንዲያውም ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ይህን ሙከራ ቢያደርግ የተሻለ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታችን እንምጣ። ከመካከላችን አንዳንዶች የሚያውቅ ልጅ ተብለው ሲጠሩ፣ ምንም ሳይጠይቁ ራውተሩን ገልብጠው ከኋላ ያለችውን ቀዳዳ በመርፌ ይወጋሉ። ይህች ቀዳዳ ራውተሩን ከፋብሪካ እንደ ወጣ የምታደርግ ናት። የዋይፋዩ ስም ይጠፋል፣ ፓስወርዱ ይጠፋል፤ በብዙ የቤት መስመር ላይ ደግሞ ከአገልግሎት ሰጪው የተሰጠው መለያ ስምና ምስጢር ቃል አብሮ ይጠፋል። እኛ በምናውቀው አንድ ቤት፣ አንድ ቴሌቪዥን ለማስገባት ሲባል ይህ ተደርጎ፣ ስድስት ዕቃ ከአገልግሎት ውጭ ሆነ፤ ቤተሰቡም የጠፋውን መለያ እስኪያገኝ ድረስ ቀናት አለፉ። በመሥሪያ ቤት ወረፋ የቆሙት ግን ቀዳዳዋን የወጋው ልጅ ሳይሆን የቤቱ አባት ነበሩ። በዚህ አገር ያለ ገበሬ አንዲት የቡና ችግኝ አልጸድቅ ስትለው ጥላዋን፣ ውኃዋን፣ አፈሩን ይመረምራል፤ ማሳውን በሙሉ አይነቅልም። ያልተማረ የምንለው ገበሬ የሚያውቀውን ሥርዓት የተማረው ልጅ ማወቅ ያቅተዋልን?

ሌላውም ነውር ከዚህ አይተናነስም። ልጁ ይመጣል፣ ስልኩን ይቀበላል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ጥቂት ይነካካል፣ «ገብቷል» ብሎ ይመልሳል፣ ገንዘቡን ይቀበላል። ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ቢኖር «ኔትወርኩ ነው» ይላል። በሚቀጥለው ወር ሌላ ዕቃ ሲመጣ ቤቱ እንደገና ይጠራዋል፣ እንደገና ይከፍላል። አንዳንድ ወንድሞች ሲቃወሙን «ይህ እኮ እንጀራችን ነው፤ ተማሪ በምን ይኑር?» ይላሉ። ተማሪ የገንዘብ ችግር እንዳለበት እኛም አንክድም፤ ለደከመበት ሥራ ዋጋ መቀበልም ነውር አይደለም። የምንቃወመው በሰው አለማወቅ ላይ የተመሠረተውን እንጀራ ነው። አስተምሮ የተከፈለው ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ለከበደ ሥራ በእምነት ይጠራል፤ ደብቆ የተከፈለው ግን አንድ ቀን የቤቱ ትንሽ ልጅ ምሥጢሩን ሲያገኘው ይዋረዳል።

«ሕዝቡ መማር አይፈልግም» የሚሉም አሉ። ይህ እውነት አይመስለንም። የራውተሩ ገጽ በእንግሊዝኛ ነው፣ የዕቃው መመሪያ በእንግሊዝኛ ወይም በቻይንኛ ነው፤ የቴፒ ሕዝብ ግን በአማርኛ፣ በሸካቾ፣ በሸኮ፣ በመዠንግርና በሌሎችም ቋንቋዎች ይነጋገራል። በማያነበው ቋንቋ የተጻፈውን ያላነበበ ሰው እምቢተኛ አይባልም።

ቀደምቶቻችን በዚህ ረገድ ምሳሌ ትተውልናል። በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት አማካይነት የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር እየወጡ በአብዛኛው በመምህርነት አገልግለዋል። እነሱ ከአዲስ አበባ ብዙ መንገድ ተጉዘው ይሄዱ ነበር። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ግን እኛ ያለነው ከሕዝቡ ደጃፍ ነው፤ ከግቢው በር እስከ ከተማው ቤቶች በእግር ይደረሳል። ያን ያህል ቀርበን ያንኑ ያህል ካልጠቀምን ቅርበታችን ለምን ይበጃል?

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ የተማሪዎች ማኅበራችን ከላይ ያሉትን አራት በሮችና ሁለት ጥያቄዎች በአንድ ገጽ በአማርኛ አባዝቶ ያድል፤ ቋንቋውን የሚችሉ የአካባቢው ተወላጅ ተማሪዎችም በየቋንቋቸው ይመልሱት። ሁለተኛ፣ ከመካከላችን ወደ ሰው ቤት የሚጠራ ሁሉ ማንኛውንም ነገር ከመንካቱ በፊት የዋይፋዩን ስም፣ ፓስወርዱን፣ የቁልፉን ዓይነትና የአገልግሎቱን መለያ በቤቱ ደብተር ላይ ይጻፍ፤ ደብተሩ ባለቤቱ ዘንድ ይቅር። ሦስተኛ፣ ዕቃው ሲገባ ከቤቱ ሰዎች አንዱ፣ በተለይም ከልጆቹ አንዷ ወይም አንዱ፣ በገዛ እጁ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይድገመው። ተማሪው እያየ ሌላው ካልሠራው ሥራው አልተፈጸመም።

ይህን ለማድረግ በጀት፣ ኮሚቴም ሆነ የበላይ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ጥቂት ስቴንስል፣ ጥቂት ወረቀትና ትዕግሥት ይበቃል። የእኛ ሐሳብ እነሆ ይህ ነው። በሌላ መንገድ የሚያስብ ወንድም ወይም እህት ካለ የመጽሔታችን ገጽ ለመልሱ ክፍት ነው፤ እስከዚያው ግን መርፌዋን ከቀዳዳዋ እናርቅ።